የዶክተር ጌብሃርት የመጥረግ ተራ

ዶክተር ጌብሃርት በጀርመኗ ቱቢንገን ከተማ ውስጥ ሶሲዮሎጂ ያስተምራል። «ዘመናዊ ሰው ከማንም ጋር አልታሰረም» ይላል፤ «ልማድ ሞቷል፣ ጎረቤት ባዳ ሆኗል፣ የሚያገናኘን ውልና ፊርማ ብቻ ነው።» ይህን እያስተማረ፣ በየዓመቱ የሚታደስ ውል እየፈረመ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ቋሚ መምህር መሆን ብቸኛ ምኞቱ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ደርሷል፤ የዚያ ቅዳሜ ጠዋት ፈተና የመጨረሻ ዕድሉ ነበር። በሦስት ሰዓት በቅጥር ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ንድፈ ሐሳቡን ማስረዳት አለበት።

በሁለት ሰዓት ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ፣ «የደረጃ ጠራጊ ተረኛ» የምትለዋ የእንጨት ሰሌዳ በሩ ላይ ተንጠልጥላለች። በዚያ አገር የሕንፃው ነዋሪዎች ደረጃውን በየሳምንቱ በተራ ይጠርጋሉ፤ ሰሌዳዋም ከተረኛ ወደ ተረኛ በር ትዘዋወራለች። ሳምንቱን ሙሉ እያየ እንዳላየ አልፏታል። ዛሬ ደግሞ ተራው የሚያበቃበት ቀን ነው። አሁንም አልፏት ወረደ።

ታች ፎቅ የሚኖሩት ባልቴት፣ ወይዘሮ ሂልትሩድ፣ በራቸውን ገርበብ አድርገው ቆመዋል።

«ዛሬ ትልቅ ጉዳይ አለብኝ፤ ማታ እጠርገዋለሁ» አላቸው።

«እኔ ምን አልኩ? ሟቹ ባለቤቴ ልቡን አሞት ሆስፒታል ሲሄድ እንኳ ጠርጎ ነው የሄደው። እርስዎ ግን የተማሩ ሰው ነዎት።»

ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? የልማድን ሞት ያወጀው ሰውዬ ተመልሶ መጥረጊያውን አነሳ። የሦስቱን ፎቅ ደረጃ ጠረገ፣ ተንበርክኮ ወለወለ፣ የምድር ቤቱን መውረጃ ሳይቀር። ሰሌዳዋን ለቀጣይ ተረኛ ለወይዘሮ ሂልትሩድ መስቀል ሲገባው፣ በጥድፊያ ቦርሳው ውስጥ ከተታት።

ኮሚቴው ፊት ሲቆም አርባ ደቂቃ አርፍዷል፤ የሱሪው ጉልበት ረጥቧል።

«ምን ገጠመዎት?» አሉት ሰብሳቢዋ።

እውነቱን ቢናገር ንድፈ ሐሳቡ ይፈርሳል። «ባቡር ዘግይቶ ነው» አለ። ጽሑፉን ከቦርሳው መዥረጥ ሲያደርገው ሰሌዳዋ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለች። ሁሉም የአገሩ ልጆች ናቸውና ምንነቷን የጠየቀ የለም። ሰብሳቢዋ አገላብጠው አነበቧት።

«ይቀጥሉ ዶክተር፤ ልማድ ሞቷል ሊሉን ነበር መሰለኝ።»

ሳቁ እስኪበርድ ጊዜ ወሰደ። ቦታው ለሌላ ተሰጠ።

ከሰዓት በኋላ ሰሌዳዋን በወይዘሮ ሂልትሩድ በር ላይ ሲሰቅል ብቅ አሉ።

«ሥራውን አጣሁት» አላቸው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

እሳቸው ጣታቸውን የደረጃው መደገፊያ ላይ አሳለፉና አቧራውን አሳዩት።

«እንግዲህ አሁን ጊዜ አለዎት» አሉት። «መደገፊያውን ዘለውታል።»

ጌብሃርት ጨርቅ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ወጣ።