አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቀው ሰርቨር

ወንድሜ ካረፈ ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ድርጅታችን የሥራ መዝገቡን ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ ላዛውር አለ። አሮጌው አርብ ይዘጋል ተባለ። አዛዋሪው እኔ ሆንኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በጸሐፊነት የገባሁ ነኝ። ያስገባኝም እሱ ነው፤ ታላቄ።

ቢሯችን ላፍቶ ነው። የኮንዶሚኒየም የውኃ ፓምፕ እንተክላለን፣ እንጠግናለን። ነዋሪ ሲደውል ቲኬት ይከፈታል፤ ማን እንደሄደ፣ መቼ እንደሄደ፣ ምን እንደሠራ ይጻፍበታል። ወንድሜ ቴክኒሻን ነበር። የጀሞ ብሎኮች በአብዛኛው የእሱ ነበሩ።

«ማዛወሪያውን አንዴ ተጫነው፣ ራሱ ይሄዳል» ብለውኝ ነበር አለቃችን። ኢንጂነር ነው የምንላቸው። ተጫንኩ። የሁሉም ቴክኒሻን ሥራ ገባ። የወንድሜ አንድም የለም። ደገምኩት። የለም። መብራት ሄደ። መጣ። እንደገና ከመጀመሪያው። አሁንም የለም።

ከሰዓት በኋላ ነው የገባኝ። ሌሎቹ ቀን የሚጽፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወንድሜ በእኛ ነበር የሚጽፈው። «ሰዎቹ ውኃው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ጠፋ ነው የሚሉኝ፤ እኔ ለምን እለውጠዋለሁ?» ይል ነበር። አሮጌው ሰርቨር የሰጡትን ይቀበላል። አዲሱ ግን የእሱን ሥራ ሁሉ ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈው አድርጎ ቆጠረው። ያረጀውን እንዲተው ደግሞ ታዟል። የጳጉሜዎቹንማ ጭራሽ፣ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብሎ በቀይ ጻፈልኝ።

«ተዋቸው» አሉ ኢንጂነር። «የድሮ ናቸው።»

«የድሮ አይደሉም ኢንጂነር። የዘንድሮም አለበት።»

«እንግዲህ እጅህን ካላመመህ ቀጥል።»

እጄን አመመኝ። የስልኬን ቀን መቁጠሪያ እያየሁ አንድ በአንድ ለወጥኩ። መሐል ላይ ተናደድኩበት። በእሱ። ሞቶም ሥራ ያበዛብኛል አልኩ። ይሄን መጻፍ ይከብዳል፤ ግን ብያለሁ።

ሐሙስ ጨረስኩ። ተጫንኩ። «ባለቤቱ አልተገኘም» አለኝ።

የወንድሜ አካውንት ከሞተ በኋላ ተዘግቷል። አዲሱ ሰርቨር አካውንት የሌለውን ሰው በባለቤትነት አይመዘግብም።

«አንድ አካውንት ይክፈቱለት» አልኩ።

«ለሞተ ሰው? የማረጋገጫ መልእክቱን ማን ሊያነብልን ነው?» ትንሽ ሳቅ አሉ። «በአንተ ስም አስገባው በቃ። የአባታችሁ ስም እንደሆነ አንድ ነው፤ ግማሹ ተጻፈ ማለት ነው።»

ክፉ ሰው አይደሉም። በቀብሩ ቀን የወንድሜን ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። ግን የዚያን ቀን… ምን ልበል። እኔ ፓምፕ ፈትቼ አላውቅም። ጉድጓድ ገብቼ አላውቅም። እሱ የሠራውን ሁሉ እኔ ሠራሁት ተብሎ ሊቀመጥ?

አርብ ጠዋት ሌላ መላ አጣሁ። ቲኬቶቹን በስሜ ላክኋቸው። ያለምንም ችግር ገቡ፤ ይሄም አናደደኝ። ከምሳ በኋላ አሮጌው ሰርቨር ተዘጋ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ቲኬት ከፈትኩ። «የፓምፕ ቫልቭ ተቀይሯል» ከሚለው ርዕስ ፊት የወንድሜን ስም ከነአባቱ ጻፍኩ። ቀጣዩን ከፈትኩ። ቀጣዩን። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ የጻፍኩት እየጠፋ፣ ደግሜ እየጻፍኩ፣ እስከ ማክሰኞ ፈጀብኝ።

ማክሰኞ ኢንጂነር አዩት።

«ርዕስ ላይ የሰው ስም አይገባም እኮ። ስንፈልግ ያስቸግረናል።»

«ያጥፉት እንግዲህ» አልኳቸው። እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም። «አንድ በአንድ ነው የሚጠፋው።»

ስክሪኑን ወደ ታች እያወረዱ ጥቂት አነበቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ቢሯቸው ገቡ። አላጠፉትም።