የአራስ ልጅ ቀለም

ለመዋዕለ ሕፃናት የሚታደሉት አሻንጉሊቶች ከባሕር ማዶ በካርቶን ሲመጡ ሮዝ ነበሩ። ላባው የተነጨ ዶሮ ይመስላሉ። የላካቸው ወዳጅ አገር ነው ተባለ፤ የትኛው ወዳጅ እንደሆነ አልጠየቅንም፣ ያን ጊዜ ጥያቄ ማብዛት ለጤና አይበጅም ነበር። የቀበሌው ካድሬ አንዱን በእግሩ አንጠልጥሎ፣ «የጭቁን ልጅ የፈረንጅ ልጅ አዝሎ አያድግም! እኛን ይምሰሉ፣ ቀለም ቅቧቸው» አለና ሄደ። እኔ በቀበሌያችን የሴቶች ማህበር ውስጥ የልብስ ስፌት ላይ ነበርኩ። አባቴ በርና መስኮት ይቀባ ስለነበር ብሩሽ አያያዝ አውቃለሁ፤ በዚሁ ሰበብ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ናዝሬት ውስጥ ቆዳ ቀቢ ሆኜ የቀረሁት እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የሠራነው ጅልነት ነበር። ቡኒ ቀለም ገዝተን አንድ ጊዜ ለቀለቅናቸው። ሲደርቁ በጫማ ቀለም የተወለወሉ መሰሉ። ለዝዋይ መዋዕለ ሕፃናት የላክናቸውን ልጆቹ ፈርተው አንነካም ስላሉ መልሰው ሰደዱልን። ሥራዬ ሲመለስብኝ ደግሞ ደሜ ይፈላል። ጎረቤቴ አራስ ነበረችና ሄጄ ልጇን ገልጬ ፈዝዤ ማየት ያዝኩ። «ምነው አንቺ፣ በዓይንሽ ልትበዪው ነው እንዴ?» ብላ ነጠቀችኝ። እውነቷን ነው፣ አስተያየቴ የጤና አልነበረም።

ያን ቀን የገባኝ ይሄ ነው፤ ቆዳ አንድ ቀለም አይደለም። የእኛ ልጅ ሲወለድ ቀይ ነው፣ ጠይምነቱ የሚመጣው ኋላ ነው። ለዚህም አይደል ሴቶች አራስ ጥየቃ ሲሄዱ የሕፃኑን ጆሮ ጫፍ አይተው «ይሄስ አባቱን ነው የሚሆነው» የሚሉት። ስለዚህ ከሥር ጀመርኩ። ቀይ ቀለም በጋዝ አቅጥኜ ጉንጩን፣ መዳፉን፣ ተረከዙን በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ አደርጋለሁ። እሱ ሲደርቅ ቢጫ፣ እንደ ቀጭን ሻይ አድርጌ፣ በሁለመናው ላይ። ከዚያ ቡኒ፣ በጣም ስስ፣ አሁንም አሁንም እየደረብኩ። ጆሮው ጫፍ ላይና ጥፍሩ ሥር ጠቆር። ከሥር ያለው ቀይ በላይኛው ውስጥ አልፎ ሲታይ ብቻ ነው ልጅ የሚመስለው። ችግሩ ነፋሳችን ነበር። የናዝሬት አቧራ እርጥብ ቀለም አይቶ አያልፍም፣ ስለዚህ አጎበር ከጣሪያ ሰቅዬ ከሥሩ ደረደርኳቸው። የገባ ሰው ሁሉ «ወባ እንዳይዛቸው ነው?» እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ከወንጂ በአውቶቡስ የመጣች፣ ባሏ አገዳ ቆራጭ ነው። ልትገዛ መስሎኝ ሽያጭ የለም አልኳት። አልሄደችም። አጎበሩ ሥር ያሉትን ስታይ ቆየችና፣ «እትዬ፣ ልጄን ልትቀቢልኝ ትችያለሽ?» አለችኝ።

ነገሩን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። በሰኔ፣ ወደ ማምሻው፣ የአገዳ ሠራተኞቹ ካምፕ ውስጥ እቤቷ ወለደች። አማቷ ነበሩ ያዋለዷት። ልጁን ከፍ ሲያደርጉት በጨረፍታ አይታዋለች፤ ቀይ ነበር። ከዚያ ደም ፈሰሳትና ራሷን ሳተች። ስትነቃ ልጁ ተቀብሯል። አማቷ «ሞቶ ነው የተወለደው፣ ጠቁሮ ነበር፣ ምንም አላየሽም» አሏት። ጎረቤትም «እግዜር በሌላ ይካስሽ» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ክርስትና ላልተነሳ ልጅ ማን ድንኳን ይተክላል? ማንም አላለቀሰም፣ እሷም እንድታለቅስ አልፈቀዱላትም።

«ሞቶ ከተወለደ ልጅ አልነበረኝም ማለት ነው፣ እሺ እላለሁ» አለችኝ። «ቀይ ከነበረ ግን ልጅ ነበረኝ። ልጄ ሞቶብኛል። እንዳየሁት ቅቢልኝና ልየው፤ ሕልም እንደሆነም ይለይልኝ።»

እኔ ለሰው ሆዴ ቶሎ አይባባም፣ የማይመለከተኝን ነገርም አልወድም። እንቢ ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ቅዳሜ ቅዳሜ ነይ» የሚል ነበር። ለምን እንዲያ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም።

ከካርቶኑ ትንሹን መረጠች። የመጀመሪያውን ቀይ ስቀባ «አይደለም» አለች። ጨመርኩበት። «አይደለም፣ ግንባሩ ላይ ነው የበዛው።» ቢጫውን ስደርብ ፊቷ ጠቆረ፣ በጨርቅ ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ «እንዲህ ነበር መሰለኝ» ትላለች፣ ትንሽ ቆይታ «ኧረ እኔ እንጃ» ትላለች። ያዩዋት የማህበሩ ሴቶች «ይቺ ልጅ አእምሮዋ ሊነካ ነው፣ አንቺም ታግዣታለሽ» ብለው ወቀሱኝ። «ሥራችሁን ሥሩ» አልኳቸው። ውስጤ ግን ፈርቶ ነበር፤ ልጅቷ በየሳምንቱ እየከሳች ነበር የምትመጣው፣ የምትፈልገውን ቀለም ደግሞ እሷም አጥታዋለች። በጨረፍታ ያዩት ነገር አሥር ጊዜ ሲያስቡት ይደበዝዛል። ቡኒውን ልደርብ ስል እጄን ያዘችው፣ «ተይው፣ ቡኒ እስኪሆን አልቆየም» አለችኝ። እኔም ተውኩት።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ አማቷ ተከትለዋት መጡ። ካምፑ ውስጥ «ምራትዎ አሻንጉሊት ታቅፋ ትውላለች፣ ለይቶላታል» ተብሎ ተወርቶ ኖሯል። ከደጅ ነው የጀመሩት። «አካም ጅርቱ» ብለው ለወጉ ያህል በኦሮምኛ ሰላም አሉ፤ አስከትለውም «ምራቴን የምታሳብደው ቀቢ የታለች?»

«እኔ ነኝ እማማ። ይግቡ፣ ብቻ ቀሚስዎን ቀለም እንዳይነካው» አልኩ። እኔም ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። ልጅቷ ከበርጩማዋ ላይ አልተነሳችም፣ ቀና ብላም አላየቻቸው።

አሮጊቷ መጥተው አጎበሩን በዱላቸው ገለጡት። ሊረግሙ አፋቸውን እንደከፈቱ ዓይናቸው ትንሹ ላይ ቀረ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ አነሱት፣ አሻንጉሊት እንደሚነሳ አይደለም፤ አንዱን እጃቸውን ከአንገቱ ሥር፣ ሌላውን ከመቀመጫው ሥር አድርገው። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፣ መዳፋቸው ቀላ። ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃን አዩት።

«ከዚህም ይቀላ ነበር» አሉ።

ልጅቷ ተነሳች። «ምን አሉ እማማ?»

«ቀይ ነበር። አልቅሷል። ጡት ፈልጎ አፉን እንዲህ እንዲህ ያዞር ነበር። ጎህ ሳይቀድ ነው ያረፈው፣ እቅፌ ላይ። አንቺም የምትተርፊ አልመሰለኝም። ስትነቂ ሞቶ ተወለደ ካልኩሽ ቶሎ ይወጣልሻል ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ። እኛንም ልጅ ሲሞትብን እንዲያ ብለው ነው ያስረሱን።»

ትሰድባቸዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ልጅቷ አንድ ጊዜ ደረቷን መታች። «ወይኔ ልጄን!» አለች፤ ከሰኔ ጀምሮ የታፈነው ሁሉ አብሮ ወጣ። አሮጊቷ አሻንጉሊቱን ሰጥተዋት በኦሮምኛ ሙሾ ማውረድ ጀመሩ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ጩኸቱን የሰሙ የሰፈር ሴቶች እየተሯሯጡ ገቡ። «ማን ነው የሞተው?» አለች አንዷ።

«የልጅ ልጄ» አሉ አሮጊቷ።

«ውይ በሞትኩት! መቼ?»

«በሰኔ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልጅቷ የታቀፈችውን አዩ። አንደኛዋ፣ በዕድሜ የምትበልጠው፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተከትለዋት ተቀመጡ። ለቅሶ ላይ ሟችን በስም ነውና የሚጠሩት፣ ሴትዮዋ ወደ ልጅቷ ጠጋ ብላ «ስሙን ማን ልበለው፣ እናቴ?» ብላ ጠየቀቻት።

ስም አልነበረውም።

«ልጄ በሉት» አለች።

እንደዚያው አሉት።