በጋቢ ሥር የነበረው ዋጋ

በድሩ ባቲ ተወልዶ መቀሌ ስም ያወጣ የአክሲዮን ደላላ ነው። ድለላን የተማረው ከግመል ገበያ ነው፤ እዚያ ገዥና ሻጭ እጃቸውን በጋቢ ሥር አገናኝተው፣ ጣት እየተጨባበጡ፣ ሦስተኛ ሰው ሳያይ ዋጋ ይቆርጣሉ። ሓወልቲ ሰፈር ካለ አንድ ካፌ ጥግ ተቀምጦ የባንክ አክሲዮን ሲያሻሽጥ የኖረውም በዚሁ ልማድ ነው። ሌላ ገበያ ስላልነበረ እሱ ያለው ዋጋ ሕግ ነበር። ሰውየው ቀማኛ አይደለም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ግን ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም።

ዘቢብ ደግሞ የልብስ ስፌት ቤቷን ጦርነቱ ባዶ ያስቀረባት ሴት ናት። መልሳ ልትከፍት ቆርጣ፣ የቀራትን አክሲዮን ልትሸጥ ወደ በድሩ መጣች። የሴት እጅ ስለማይጨብጥ የሚገዛበትን ዋጋ በጆሮዋ ሹክ አላት፤ አንዱን በሺህ ሁለት መቶ ብር።

«ሓወይ በድሩ፣ አዲሱ የአክሲዮን ገበያስ?» አለችው፣ እንደ ወንድም እየጠራችው።

«እዚያ ማን አለና! ነይ ላሳይሽ» ብሎ እየሳቀ ወደ ገበያው ወኪል ቢሮ ይዟት ሄደ።

ገብረዝጊ የሚባለው ሠራተኛ የዘቢብን አክሲዮን ለሽያጭ ኮምፒውተሩ ላይ አስገባና፣ «አቦይ በድሩ፣ እርስዎስ በስንት ይገዛሉ?» ሲል ጠየቀ።

በድሩ ልማዱ አሸነፈው። የገብረዝጊን እጅ ስቦ በጋቢው ሥር ጣቶቹን ጨበጠ።

«ዋይ! ምንድን ነው ይሄ? በቃል ይንገሩኝ፤ ሁሉም ሰው የሚያየው ነው።»

«ሁሉም?»

«አዲስ አበባ ያለውም፣ ሐዋሳ ያለውም።»

በድሩ እጁን ከጋቢው ሥር አውጥቶ «ሺህ ሁለት መቶ» አለ። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ወዲያው ከላዩ ሺህ ሦስት መቶ ተቀመጠ። እልህ ይዞት ጨመረ፤ የማይታየው ሰውም ጨመረ። ከዚያ ሌላ ገባ፤ ደግሞ ሌላ። ፊት የለ፣ ድምፅ የለ፣ ሰዎች ግን ዓይኑ ሥር ይሻማሉ። የተቆጨ እንዳይመስላችሁ፤ አፉን ከፍቶ ነው የቀረው።

«ሱብሃነላህ! ይሄ ሁሉ ሰው እስከዛሬ የት ነበር?»

አክሲዮኑ አንዱ በሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ተሸጠ። ለስፌት ማሽኖቹ ይበቃል፤ ለቤቱ ኪራይ ግን አይበቃም። ዘቢብ በድሩን ትኩር ብላ አየችው።

«ሓወይ፣ የዓምናውስ? ግማሹን አክሲዮን ለአንተ አንዱን በሺህ የሸጥኩት?»

«ወላሂ ዘቢብ፣ ስንት እንደሚያወጣ እኔም ያየሁት ዛሬ ነው።»

እውነቱን ነበር፤ እሷም አመነችው። የምትቆጣው ሰው እንኳ አጣች።