የጣውላው ጥያቄ

ተማሪዎቿ በሌለችበት «ቲቸር አስቡት» ይሏታል። እውነታቸውን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሦስተኛ ክፍል ስታስተምር ከአፏ የማይጠፋው ቃል እሱ ነው። ዓርብ ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ደብተር ታስዘጋና አንድ አዝናኝ የሒሳብ ጥያቄ ትወረውራለች፤ ልጆቹ ለመመለስ ሲንጫጩ «ቆይ! መጀመሪያ አስቡት» ትላለች። መልስ ከምትነግራቸው ምላሷ ቢቆረጥ ይሻላታል።

እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ ዳይሬክተሩ የወላጆች ቀን ዝግጅት ውስጥ የከተታት። «ለልጆቹ አዝናኝ የሒሳብ ውድድር እናደርጋለን» ሲላት ደስ ብሏት ነበር፣ ሞኝ! ለካ ውድድር የተባለው ጥያቄና መልስ አንድ ላይ የታተመበት ካርድ ነው። ልጆቹ መልሱን እንደ ዘፈን ሲሸመድዱ ሰነበቱ። ስታያቸው አንገሸገሻት። ቤት ገብታ ለእህቷ ብታወራላት፣ እህትየው «አንቺ ደግሞ! ትምህርት ቤቱን የወለድሽው አንቺ ነሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችባት።

ይባስ ብሎ አንደኛው ካርድ ስህተት ሆኖ ተገኘ። «አንድ አናጢ አንድ ረጅም ጣውላ አራት ቁራጭ ማድረግ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ለመቁረጥ ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል። በስንት ደቂቃ ይጨርሳል?» መልስ፦ አሥራ ሁለት። ኤዲያ! አራት ቁራጭ ለማግኘት ሦስት ጊዜ መቁረጥ ይበቃል፤ አራተኛው ራሱ ተርፎ ይቀራል። ዘጠኝ ነው እንጂ! ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ሄዳ ጠመኔ ሰብራ አሳየችው። እሱ ስልኩን እየነካካ «ታትሞ አልቋል እኮ። ወላጅ የሚመጣው ለማጨብጨብ እንጂ ለመቁጠር አይደለም» አላት። እንዲህ ያለው ሰው የልጆች አለቃ ይባላል!

ከሁሉ በላይ የጨነቃት ግን ካርዱ የደረሳት ልጅ ነገር ነው። መጨረሻው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ የዓመቱን እኩሌታ ድምፅዋ ሳይሰማ የቆየች ልጅ ናት። አንድ ዓርብ በስንት መከራ ጣቷን አወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አፏን ፈታች። «ደግሞ ብትዘጋብኝስ?» እያለች ቲቸር እንቅልፍ አጣች። እውነተኛውን መልስ እንዳትነግራት አመሏ ያዛት። ደግሞ ምን ይደበቃል፣ ዳይሬክተሩንም ፈርታለች።

ቀኑ ደረሰና አዳራሹ በወላጅ ጢም አለ። ጥያቄው ሲነበብላት ልጅቷ አልቸኮለችም። እጇን እንደ መጋዝ አየር ላይ እየሳበች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ቆረጠች።

«ዘጠኝ!»

የሸመደደችውን ጥላ አስባ መለሰች! የቲቸር ልብ በደስታ ዘለለ። ዳይሬክተሩ ግን ማይክሮፎኑን አፉ ላይ ለጥፎ «ውይ የኔ ቆንጆ፣ አላጠናሽም ማለት ነው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አጠገቧ የቆመው ልጅ «አሥራ ሁለት!» ብሎ ጮኸና አዲስ ቦርሳ ተሸለመ። ዳይሬክተሩ ወደ መምህራኑ ዓይኑን ጣል አድርጎ «አጨብጭቡለት እንጂ!» ሲል ሁሉም ብድግ ብድግ አለ። ቲቸርም ብድግ አለችና አጨበጨበች። እትፍ! ዳይሬክተሩን ስትጸየፍ ከርማ አሁን የገዛ እጇ ቀፈፋት።

በሚቀጥለው ዓርብ እንደ ልማዷ ደብተር አስዘግታ ጥያቄዋን ወረወረች። ሌሎቹ ተንጫጩ። የመጨረሻው ረድፍ ልጅ ግን አቀርቅራ የጠረጴዛዋን ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቃለች። ቲቸር አጠገቧ ሄዳ ቁጢጥ አለችና በጆሮዋ «የኔ እናት፣ ያን ቀን ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ። መልሱ ዘጠኝ ነው» አለቻት። ለተማሪ መልስ ስትነግር የመጀመሪያዋ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት።

«አውቃለሁ፣ ቲቸር» አለች። «አስቤው ነበር። እርስዎ ግን አጨበጨቡ።»