ከአንገቴ ሥር የተቆረጠችው እጢ

እናቴን የገደላት አንገቷ ሥር ያበጠ እጢ ነው። ስለዚህ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ገብስ ስናጭድ፣ እኔም አንገቴ ሥር ሽምብራ የምታህል ነገር በጣቴ ስነካ ለማንም አልተናገርኩም። ሽምብራዋ ባቄላ አከለች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ጎረቤቶቼ አይተው "ንፍፊት ነው፣ በጋለ ብረት ይተኮስ" አሉ። እነሱ ይተኮሱ! እምቢ አልኩ።

አባቴ የደብራችን ቄስ ነበሩ። ጸበሉን ካስጨረሱኝ በኋላ በበቅሎ ጭነው መካነ ኢየሱስ ከተማ ካለው ክሊኒክ አደረሱኝ። አልፎ አልፎ ከደብረ ታቦር የሚመጣው ሐኪም አንገቴን ዳሰሰና ስለ እናቴ ጠየቀ።

"ካንሰርም ሊሆን ይችላል፣ ቲቢም። ቲቢ ከሆነ ይድናል። በእጅ ግን አይለይም" አለ። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደውን፣ ክሮሞዞም የሚሉትን ነገር፣ ውጭ አገር መመርመር እንደጀመሩም ነገረን። "እኛ ዘንድ ያ የለም። አንዷን ቆርጠን አዲስ አበባ በማይክሮስኮፕ ትታይ።"

ቆርጦ መድኃኒት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተታት። እሱ ወደ ወገዳ ስለሚያልፍ፣ ደብረ ታቦር ለሚሄድ ሹፌር እንዲሰጡለት አባቴን አደራ አላቸው። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ብለው ተቀበሉ።

ውጤቱን ስጠብቅ ከረምኩ። ፈርቼ ነበር፤ ልጆቼን ባየሁ ቁጥር ማን ያሳድጋቸዋል እል ነበር። ሐኪሙ ተመልሶ ሲመጣ ጠርሙሱ ጭራሽ አልደረሰም አለ። ሁለታችንም ወደ አባቴ ዞርን።

"ቀብሬዋለሁ" አሉ ረጋ ብለው። "ከእናትሽ እግር ሥር።"

በእኛ አገር ምሳር የቆረጠው ጣት እንኳ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብቶ ይቀበራል እንጂ አይጣልም። ይሄን አውቃለሁ። ቢሆንም እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

"ምን ነካዎት አባባ! በሕይወቴ ነው እኮ የቀለዱት!"

"የተጠመቀ ሥጋ በጠርሙስ አገር ላገር ይዙር? በትንሣኤ ቀን አንገትሽ ጎድሎ ልትነሺ ነው?"

ሐኪሙ ይቆጣል ስል ጎንበስ አለላቸው። "አባ፣ አዲስ አበባ ያሉት አይተው ሲጨርሱ የተረፈውን እመልስልዎታለሁ።"

"አደራ?"

"አደራ።"

ሌላ እጢ ተቆረጠች። ያን ጊዜ አባቴ ጠርሙሱን ለማንም አልሰጡም፤ በጋቢያቸው አቅፈው፣ የጭነት መኪና ላይ ወጥተው፣ ራሳቸው ደብረ ታቦር አደረሱት።

ቲቢ ሆነ። ከዚያ በኋላ የወሰድኩት መርፌ መቀመጫዬን ወንፊት አድርጎታል፤ ግን ይኸው አለሁ። ሐኪሙ "ትድናለች" ባለ ጊዜ እኔ እልል አልኩ፣ አባቴ ግን ክሊኒኩ ደጃፍ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሰው ፊት አለቀሱ።

"ምነው አባባ? ደስ አላለዎትም?"

"ያችን እጢ ስቀብር ፍትሐት ደግሜ ነበር" አሉ። "ለእጢዋ አልነበረም፣ ልጄ። ላንቺ ነበር።"