የተጠመዘዘው የማህሌት ክንፍ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእሳቸው ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም ሳይቀር ዘርዝሬያለሁ። ይህን ግን እንዴት ብዬ? «አባ፣ የአውሮፕላን ክንፍ ተጣሞ አይቼ ዝም አልኩ» ልበላቸው? አይገባቸውም እያልኩ ራሴን ስሸነግል ስምንት ዓመት ሆነኝ። ውሸቴን ነው። እንዲገባቸው ስላልፈለግኩ ነው።

ካዛንቺስ አንድ ፎቅ ላይ፣ መድኃኒት የሚያደርሱ ትንንሽ ሰው አልባ አውሮፕላኖች የሚነድፍ ቢሮ ነበር። እኔና ማህሌት ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን ለሙከራ ገባን። እኛ ሁለት፣ የሚቀጠረው አንድ። ፈተናችን አንድ ዓይነት ነበር፤ ክንፉን በኮምፒውተር ሠርቶ ዓርብ ከሰዓት ማቅረብ።

ማህሌት የሥራ ባልደረባዬ ብቻ አልነበረችም። ቤታቸው ከቢሮው ጀርባ ስለሆነ ምሳ የምበላው እነሱ ጋ ነው። እናቷ እትዬ አስካለ ሽሮውን ወደኔ እየገፉ፣ «ብይ እንጂ! አንቺ አለሽላት እኮ፤ እኔ ስለዚህ አውሮፕላናችሁ ምን አውቃለሁ» ይሉኝ ነበር። አዎ፣ እኔ ነበርኩላት። ወይ እኔ!

ክንፍ እንዲህ ነው የሚሠራው። ከአውሮፕላኑ ገላ ጋር የሚገጥመውን ሥሩንና ጫፉን በነጥብ በነጥብ ታስቀምጣላችሁ፤ ሶፍትዌሩ በሁለቱ መሀል ቆዳውን ይዘረጋል። ነጥቦቹ ብዙ ስለሆኑ ተካፈልን፤ የሥሩን እሷ ተየበች፣ የጫፉን እኔ፣ ከዚያ ቅጂ ተለዋወጥን። የኔ ነጥቦች ቅደም ተከተል ግን ተገልብጦ ነበር። የሷ ከላይ ጀምሮ ሲዞር የኔ ከታች ይጀምራል። ስለዚህ ቆዳው ሲዘረጋ እንደተጨመቀ ልብስ ተጠመዘዘ። ሐሙስ ጠዋት በራሴ ስክሪን አየሁት፣ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩ፣ ክንፌ ተቃና። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፣ በቃ፤ ማንም ይሳሳታል።

ኃጢአቱ ከዚያ በኋላ ነው። ማህሌት ጠራችኝ። «አንቺ፣ በሞቴ ነይ እስቲ እዪልኝ፤ ይሄ ነገር ሊያሳብደኝ ነው።» ሄድኩ። አየሁ። ስህተቱ የኔ ነው፣ መፍትሔውን አውቀዋለሁ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። «እኔ እንጃ ማህሊዬ፤ የሥሩ ነጥቦች ይሆናሉ፣ እንደገና ብትጽፊያቸው ይሻላል» አልኳት። ማህሊዬ አልኳት! ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አመነችኝ። ትክክለኛ የነበሩትን የራሷን ነጥቦች አጥፍታ አንድ በአንድ ተየበች። የኔን አልጠረጠረችም። ለምን ትጠርጥር? እኔም አጠገቧ ተቀምጬ፣ የማውቀውን ነገር ከእሷ ጋር ስፈልግ ዋልኩ።

ዓርብ እሷ የተጠመዘዘ ክንፍ ይዛ ቀረበች፣ እኔ የተቃና። ተቀጠርኩ። ደረጃው ላይ እያለቀሰች አቅፋኝ፣ «እንኳን አንቺ ሆንሽ» አለች። ከዚያ ወዲህ ንድፍ የሚባል ነገር አልነካችም። «ጭንቅላቴ አይችለውም» ብላ ሜክሲኮ አንድ ሱቅ ውስጥ ሞባይል ትሸጣለች። ጭንቅላቷማ ከኔ ይበልጥ ነበር። አይችልም ብዬ ያሳመንኳት እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር እትዬ አስካለ ዐረፉ። የካዛንቺሱ ቤት ስለፈረሰ ድንኳኑ የተጣለው ጎተራ፣ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ነው። ማህሌት እጄን ይዛ ለአክስቶቿ፣ «ይቺ እኮ ናት፣ ያኔ የራሷን ሥራ ትታ ቀኑን ሙሉ ከኔ ጋር ስትፈልግ የዋለችው» አለቻቸው። መረቁኝ። አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። ምርቃቱ አንገበገበኝ። ከዚያ ማህሌት ጠጋ ብላ፣ «ግን ያ ክንፍ ምን ነበር የሆነው? እስካሁን ከውስጤ አልወጣም» አለችኝ።

ለመጀመሪያው ሰበብ አላጣም ነበር። ልጅነት ነው፣ ሥራ ማጣት ነው፣ ማለቴ፣ ሰው ሲጨንቀው ምን አይሠራል? አሁንስ? የሚቀጠር የለ፣ የምንሻማው ወንበር የለ። እናቷን የቀበረች ልጅ አንዲት እውነት ለመነችኝ። «የኔ ጥፋት ነበር» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታውን የምትሰጠኝ እሷ ዓይን ዓይኔን እያየች ስትጠብቀኝ ነበር።

«እኔ እንጃ ማህሊዬ» አልኳት።