የቀኝ እግር ልክ

ተናኘ ኦክላንድ ካለው ሰፈሯ ከፍሩትቬል ተነስታ ሳን ሆዜ እስክትደርስ መንገድ ላይ ያልተቆጣችው ፍጡር አልነበረም። ከፊቷ የሚጎተተውን የጭነት መኪና ሰደበች፤ ፍሬቻ ሳያበራ የገባባትን ሰውዬ ሰደበች፤ መንገድ የሚመራትን ስልኳን ሳይቀር «ዝም በል አንተ!» አለችው። ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ አንድ ጥንድ ነጭ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ተቀምጧል። ከኋላ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጇ ሐሴት በፋሻ የተጠቀለለ ግራ እግሯን ዘርግታ በመስኮት ታያለች። መኪናው በቆመ ቁጥር ተናኘ ጫማውን ገልመጥ ታደርግና ንዴቷ እንደ አዲስ ይነሳል።

ጠዋት ኦክላንድ፣ የበረዶው ሜዳ ዳር፣ ሐሴት ልምምዷን ጨርሳ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ጫማዋን አላወልቅም ብላ ነበር። ተናኘ ራሷ ማሰሪያውን ፈትታ ስትጎትተው ካልሲው እግሯ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ያጣበቀው ደም ነው። የትንሿ ጣቷ ጥፍር ጠቁሯል።

«ምነው አትናገሪም? ምላስ የለሽም?»

«አይ ቶልድ ዩ፣ ማሚ» አለች ሐሴት፣ ቀና ሳትል። ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም።

እውነቷን ነው፣ ነግራታለች። ተናኘም አልረሳችውም። ግን በዚያ ሰዓት ይህን ከማመን የሚቆጡት ሰው መፈለግ ቀለላት፤ የሚቆጡት ሰው ደግሞ ሩቅ አልነበረም።

እትዬ ውብዳር የባሏ አክስት ናቸው። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ሳይጠየቁ የሚመክሩ ሴት ናቸው። ለገና ሐሴትን በስጦታ ሊያስደስቷት አስበው፣ «ሰርፕራይዝ ነው፣ እንዳትነግሪያት። የእግሯን ልክ ብቻ ላኪልኝ» ብለው ለተናኘ ደወሉ። ተናኘም ለሸበጥ ነው ብላ ልጅቷን የኮርንፍሌክስ ካርቶን ላይ አቆመቻት፤ ቀኝ እግሯን በእርሳስ ዞረችበት፤ ቆርጣ ላከች። አንዱን እግር። ሰው ከአገር ቤት የእግር ልክ ሲልክ እንዲሁ ነው የሚልከው፤ ማንም ሁለቱንም ልኮ አያውቅም።

ሐሴት እስከዚያ ቀን የምትንሸራተተው በኪራይ ጫማ ነበር። የኪራዩ ሰፊና ልፍስፍስ ስለሆነ እግር ይዋኝበታል፤ ማንንም አያሳምም፣ ግን እሱን አድርጎ መዝለል አይታሰብም። ነጩ ጫማ ሲመጣ ልጅቷ አቅፋው ስትዞር ዋለች። ብዙም ሳትቆይ ግራው ያመኛል አለች። አሠልጣኟ፣ አዲስ ጫማ መጀመሪያ ላይ ጥብቅ ነው አለች። እትዬ ውብዳር በስልክ፣ «ኧረ ይለመዳል!» አሉ። ተናኘም ልጇን ዞር ብላ፣ «ሰምተሻል? ይለመዳል። ስጦታ ተቀብሎ ማማረር ደግሞ ነውር ነው» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ሐሴት ስለ እግሯ ትንፍሽ አላለችም። የፊታችን ቅዳሜ ትርኢት አለ፤ መብራት ጠፍቶ፣ አንድ ብርሃን እሷ ላይ ብቻ በርቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የምትንሸራተትበት። ዓመቱን ሙሉ ያወራችው ስለዚያ ብርሃን ነው።

ተናኘን በእርግጥ ዛሬ የጀመራት ቁጣ አይደለም። ማኅበር ላይ ስትደርስ ሰው ተሽቀዳድሞ ወንበር የሚለቅላት ስለሚወዷት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚያው ኦክላንድ አቅራቢያ፣ አልባኒ ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ቀኑን ሙሉ ቆማ ትሠራለች፤ ከምሳ በኋላ ግራ እግሯ ሲጀምራት ፊቷ ይኮሳተራል፣ ያኔ ዝንብ ብታርፍባት ትጣላለች። ሰው «ጠባይዋ ነው» ይላል። እሷ «ይሄ እርኩስ እግሬ ነው» ትላለች። በቅባት አሽታዋለች፣ በጸበል አጥባዋለች፤ ወይ ፍንክች።

ደሴ ልጅ ሳለች ጅዳ የምትሠራ አክስቷ ለበዓል ጫማ ትልክላት ነበር። አባቷ የደብተር ቅጠል መሬት ላይ አንጥፎ «በቀኝሽ! ገድ ይሁንልሽ!» እያለ ቀኝ እግሯን ይነድፍና ለተጓዥ ይሰጣል። ጫማው ሲመጣ ቀኙ ልክክ፣ ግራው ስቅይት። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ ግራውን ከጠረጴዛ ሥር አውልቃ ተገኘችና እናቷ ጭኗን ቆነጠጠቻት። «ሰው ባሕር ተሻግሮ ለፍቶ! ይለመዳል አልኩሽ!» አሜሪካም መጥታ ነገሩ ያው ሆነ። ጫማ መደብር መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው አንድ እግር ብቻ ነው፤ እዚያ የምትገዛበት ቤት ደግሞ ሁልጊዜ ቀኙን ነው የሚያስቀምጡት። እሱን ትሞክራለች፣ «ልኬ ነው» ትላለች፣ ይዛ ትወጣለች።

ሳን ሆዜ ያለው ሱቅ የበረዶ ጫማ ብቻ የሚለካበት ነው፤ አድራሻውን የሰጠቻት የሐሴት አሠልጣኝ ናት። እትዬ ውብዳር ተደውሎላቸው ቀድመው ደርሰዋል፤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል።

«ምን አጠፋ ጫማው?» አሉ፣ ሰላምታውን እንደነገሩ አድርገው። «አሥር ሰው ጠይቄ ነው የገዛሁት።»

ተናኘ ሐሴትን ደግፋ ወደ ባለሱቁ ወሰደቻት።

ባለሱቁ ሐሴትን ብረት መለኪያው ላይ አስቁሞ ቀኝ እግሯን ለካ። ቀጥሎ ፋሻውን ፈትቶ ግራዋን አስቀመጠ። ተናኘ «ለክተህ የለ እንዴ!» ልትለው አፏን ስትከፍት ሰውዬው ቁጥሩን ዝቅ ብሎ እንደገና አየ። ግራው ከቀኙ በአንድ ቁጥር ተኩል ይበልጣል አላቸው። ልዩነቱ ጥቂት ቢሆን ጫማውን አሙቆ ያሰፋው ነበር፤ ይሄን ያህል ግን አይሰፋም። ለእያንዳንዱ እግር በየልኩ መታዘዝ አለበት። የሚደርሰውም ከትርኢቱ በኋላ ነው።

ያኔ ፈነዳች።

«እትዬ ውብዳር! ልጅቷ ሁለት እግር እንዳላት ጠፍቶዎት ነው? ሁለቱንም ላኪ ማለት አቅቶዎት ነው?»

«እናቷ አንቺ ነሽ እኔ? ራስሽ አንዱን ልከሽ!»

«ሰው ሁሉ አንድ አይደል እንዴ የሚልከው!»

«እኔም በላክሽልኝ ገዛሁ! ያመሰገነኝ ባይኖር እንኳ ልሰደብ?»

«ልጄ በደም ተለውሳ ላመስግን? ይለመዳል ይለመዳል ሲሉኝ...»

«አልኩ! ድሮስ ምን ይባላል?»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። ባለሱቁ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚገባበት ጠፍቶታል። በዚህ መሀል ሐሴት ቁስሏን በካልሲ ሸፍና፣ ግራ እግሯን ነጩ ጫማ ውስጥ ከታ፣ ማሰሪያውን እስከ ላይ ስባ አስራለች። ብድግ አለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«እማ» አለች። ማሚ አላለችም። «እማ፣ ተይ በቃ። ይለመዳል።»

ልጅቷ ውሃ እንኳ በአማርኛ ጠይቃ አታውቅም። ይህችን ቃል ግን አንዲት ፊደል ሳታዛባ፣ በእናቷ ድምፅ፣ በእናቷ ቁጣ አወጣቻት። ተናኘ ከእትዬ ውብዳር ወደ ልጇ ዞረች። ሰርጉ ታያት፤ ጠረጴዛው ሥር የተደበቀው እግሯ፣ ጭኗ ላይ ያረፈው የእናቷ ጣት።

መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። የልጇን ማሰሪያ ፈታች፤ ጫማውን አውልቃ ወዲያ ወረወረችው። ከዚያ የገዛ ጫማዋንና ካልሲዋን አወለቀችና ግራ እግሯን ከልጇ ግራ እግር አጠገብ አስቀመጠች። የተናኘ ትንሿ ጣት ጎረቤቷ ጣት ላይ ወጥታ፣ ተጣምማ፣ እንደዚያው ቀርታለች። ሐሴት ይህን እግር በቅርብ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«አይለመድም!» ጮኸች ተናኘ። «ሰማሽ? ውሸት ነው! አርባ ዓመት አድርጌው አልለመድኩትም! የማነው ደፋር ይለመዳል ያለሽ?»

«ዩ ዲድ» አለች ሐሴት፣ ቀስ ብላ።

እትዬ ውብዳር ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«አዎ» አለች ተናኘ። «እኔ ነኝ። እኔው ነኝ ያልኩሽ።» ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «ቅዳሜ ይቅር። አትወጪም። ሲያምሽ ደግሞ ጩኺ፤ ባልሰማሽ እንኳ ጩኺብኝ።»

ያኔ ሐሴት አለቀሰች። ለዚያ ብርሃን ነው ያለቀሰችው፣ ድምፅ አውጥታ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ተናኘ ዝም በይ አላለቻትም። ልጇን በአንድ እጇ እንደያዘች፣ በሌላው ብረቱን መለኪያ ወደ ራሷ ሳበችና ባለሱቁን ቀና ብላ ተቆጣችው።

«ምን ታየኛለህ? እኔንም ለካኝ። ከግራው ጀምር።»